ከሐራጁ በፊት እንደመጥ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ችግር የገጠማቸው ተበዳሪዎች ለተወሰነ ጊዜ ከቅጣት ወለድና ከተደራራቢ ክፍያዎች እፎይታ የሚያገኙበት መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ዕዳዬ ይሰረዝልኝ ብዬ አይደለም። የተበደርኩትን አውቃለሁ። ውሉን አንብቤ ፈርሜያለሁ፤ ባንክ የሚያበድረውም የሌላ ሰው ቁጠባ መሆኑን አልዘነጋሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ገቢው የተናጋበት ተበዳሪ ገና መክፈል ሳያቆም ወደ ባንኩ ሄዶ «ችግር ገጥሞኛል» የሚልበት፣ ባንኩም ሰምቶ በጽሑፍ የሚመልስበት ሥርዓት ይኑር። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ ደግሞ የቅጣቱ ቆጠራ ይቁም።

አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። ብድሩን የወሰድኩት መኖሪያ ቤቴን አስይዤ፣ ማሽን ለመግዛት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንሰፋበት ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ዩኒፎርም የሚያሰፉልኝ ወላጆችና ትንንሽ ድርጅቶች ግን ገቢያቸው በዚያው ልክ አላደገም፤ ስለዚህ የጨመረብኝን ሁሉ እነርሱ ላይ መጫን አልቻልኩም። ወርኃዊ ክፍያዬን ገና ሳላጓድል ወደ ቅርንጫፉ ሄጄ ለጥቂት ወራት መጠኑ ዝቅ እንዲልልኝ ጠየቅሁ። የብድር ባለሙያዋ በትሕትና የመለሰችልኝ፣ «አሁን እኮ ውዝፍ የለብዎትም፤ ውዝፍ ሲኖር ይምጡና እናያለን» ብላ ነበር።

ባለሙያዋን አልወቅስም። የሚያሠራት መመሪያ በእጇ አልነበረም። ነገር ግን መልሷ የአሠራሩን ጉድለት በሙሉ ይዟል። ቀድሞ የሚናገር ሰው የሚስተናገድበት መስኮት የለም፤ መስኮቱ የሚከፈተው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቅጣቱ፣ ማስጠንቀቂያውና ሐራጁ በአንድነት ይጠብቁታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ከሁሉም ቦታ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቅጣቱ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት ነጋዴ 600,000 ብር ቀሪ ብድር አለባት እንበል፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ወርኃዊ ክፍያዋ 20,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 9,000 ብሩ ወለድ፣ 11,000 ብሩ ዋናው ብድር ይሆናል። ገበያ ሲቀዘቅዝባት በየወሩ 12,000 ብር ብቻ መክፈል ትችላለች። ይህች ሴት ወለዱን ሙሉ በሙሉ እየከፈለች ነው፤ ከዋናው ብድርም በየወሩ 3,000 ብር ያህል እየቀነሰች ነው። ባንኩ በእርሷ ላይ አንዲት ሳንቲም እየከሰረ አይደለም። መዝገቡ ግን በየወሩ 8,000 ብር ውዝፍ ይጽፍባታል። በውዝፉ ላይ የቅጣት ወለድ ይታሰባል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የሕግ ክፍል ወጪ ይታከላል፤ የመያዣው ኢንሹራንስ ሲታደስ አረቦኑ ከሒሳቧ ይቆረጣል። ስትከፍል ደግሞ ገንዘቡ በቅድሚያ ወጪና ቅጣቱን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን ብድር እንዲሸፍን ይደረጋል። ስለዚህ ዋናውን ብድር ይቀንስ የነበረው 3,000 ብር ቅጣት ሲከፍል ይውላል። ዓመት ሳይሞላ 90 ቀን ያለፈው ክፍያ ይገኝባታል፤ ያን ጊዜ ብድሯ «የተበላሸ» ተብሎ ይመደባል። ያበላሸው የእርሷ እምቢተኝነት አይደለም፤ ከአቅሟ ጋር ያልተስተካከለው የክፍያ ሰሌዳ ነው።

የከፋው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ውዝፍ ያለበት ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ለዕዳው ወዲያው ይወሰዳል። ለክር መግዣና ለሠራተኛ ደመወዝ ታስቦ የገባውም አይቀርም። ነጋዴዋ ይህን ባየች በማግስቱ ደንበኞቿን «በዚያ ሒሳብ አታስገቡልኝ» ትላለች። በጥሬ ገንዘብ፣ በእህቷ ስም ወይም በሌላ ባንክ መሥራት ትጀምራለች። ባንኩ ገቢዋን የሚያይበት መንገድ በራሱ አሠራር ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ በእርሷና በባንኩ መካከል የሚቀረው ግንኙነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሰው ገንዘብ ስላጣ የሚጨመርበት ክፍያ ገንዘብ አያስመልስም፤ ሰውየውን ከባንኩ ያሸሻል እንጂ።

ክቡር ሆይ፣ ለሐራጅ ሕግ አለን። በባንክ በመያዣነት ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ባንኩ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። አዋጁ የወጣበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ብድር በፍርድ ቤት ክርክር ለዓመታት ሲጓተት የሚጎዳው ቆጣቢው ነው። ይሁን እንጂ ባንኩ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ የሰው ቤት እንዲሸጥ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ከዚያ በፊት ሰውየውን የማድመጥ ግዴታም አብሮ ሊሰጠው ይገባል። ቤት ለመሸጥ ቀን የተቆረጠለት ሕግ ካለን፣ ባለቤቱን ለመስማትም ቀን የተቆረጠለት መመሪያ ሊኖረን ይገባል። ባንክዎ ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ደንበኛ በግልጽነትና በፍትሐዊነት እንዲስተናገድ ጥሩ መሠረት ጥሏል። በዚያ መሠረት ላይ ለችግር ጊዜ የሚሆን ክፍል እንዲገነባ እለምናለሁ።

ይህን ለአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ያልጻፍኩበት ምክንያት አለኝ። ባንኮቹ ቢፈልጉ እንኳ እጃቸው የተያዘው በተቆጣጣሪው ደንብ ነው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር እንደተበላሸ ይቆጠራል፤ ባንኩም ከትርፉ መጠባበቂያ እንዲይዝለት ይገደዳል። የብድሩን ጊዜ ሲያራዝም ደግሞ ችግሩን ለመደበቅ ነው ተብሎ በተቆጣጣሪ እንዳይጠየቅ ይፈራል። ይህ ጥንቃቄ ለባንኩ ጤና አስፈላጊ ነው። ሆኖም የተበላሸ ብድር ለመደበቅ የሚደረግ ማራዘምና በቅን ልቦና የሚከፍልን ሰው ለማቆየት የሚደረግ ማስተካከያ አንድ አይደሉም። ሁለቱን በደንብ የመለየት ሥልጣን ያለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ተበዳሪው ከሌላ ባንክ ማስታገሻ ብድር የማግኘት ዕድሉ ጠቦ ነበር። የዋጋ ንረትን ለመግታት የተወሰደው እርምጃ የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን በአንድ በኩል በር ሲጠብ፣ በሌላ በኩል ትንፋሽ መስጠት የመንግሥት ኃላፊነት ነው።

ችግሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲነድ፣ በአንድ ሌሊት የሰዎች ዕቃ ወደ አመድነት ተለወጠ። በብድር ገንዘብ ዕቃ የሞላ ነጋዴ ዕቃው ሲቃጠል ብድሩ አብሮ አይቃጠልም። በትግራይ በጦርነቱ ወቅት ባንኮች ተዘግተው በቆዩባቸው ጊዜያት ተበዳሪው ልክፈል ቢል እንኳ የሚከፍልበት መስኮት አልነበረውም። በዚያ ዘመን የተጠራቀመው ወለድ ከሰላም ስምምነቱ በኋላ የንግዱ ማኅበረሰብ ትልቅ ጥያቄ ሆኖ ወጣ። በአማራና በአፋር ክልሎችም ሱቁ የተዘረፈበት፣ መንገድ ተዘግቶበት ምርቱን ወደ ገበያ ማውጣት ያቃተው ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ የገንዘብ አያያዝ ባለማወቃቸው የወደቁ ሰዎች አይደሉም።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችልም አይተናል። ኮቪድ በገባበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ማቅረቡ ይታወሳል፤ ዓላማውም ባንኮቹ ለተቸገሩ ደንበኞቻቸው የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ነበር። ያኔ የተቸገረው አገር ሁሉ ስለነበር ችግሩ በአንድ ቀን ታየ። ዛሬ ችግሩ በየቤቱ፣ በየተራው ይመጣል። በየተራ የሚመጣ ችግር ስለማይታይ ቋሚ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ በየጊዜው አዲስ ውሳኔ መጠበቅ የለበትም።

የጎረቤቶቻችን ልምድም አለ። ኬንያ በባንክ ሕጓ ባስገባችው ደንብ፣ ብድር ከተበላሸ በኋላ ባንኩ የሚጠይቀው ወለድ ብድሩ በተበላሸበት ቀን ከነበረው ዋና ዕዳ መብለጥ አይችልም። ዕዳው ማደጉን የሚያቆምበት ጣሪያ አለው ማለት ነው። ይህ ከእኛም ልብ የራቀ ሐሳብ አይደለም። በአገራችን እየተስፋፋ ባለው ከወለድ ነፃ ባንክ መርሕ፣ ዘግይቶ በመክፈል የሚጣል ቅጣት ለአበዳሪው ትርፍ እንዳይሆን፣ ለበጎ አድራጎት እንዲውል ይደረጋል። በሃይማኖት የማንመሳሰል ሰዎች እንኳ በዚህ መርሕ ልንስማማ እንችላለን፤ ማንም ከሰው መዘግየት ማትረፍ የለበትም። እቁባችንም ቢሆን ሐዘን ወይም ሕመም የገጠመውን አባል ተራውን ያስቀድምለታል። የእቁብ ዳኛ ይህን የሚያደርገው ገንዘቡን ስለናቀ አይደለም፤ የቆመ አባል እስከ መጨረሻው እንደሚጥል ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ በየቅርንጫፉ የችግር ጊዜ ማመልከቻ ቅጽ ይኑር። ተበዳሪው ውዝፍ ሳይኖርበትም ሊሞላው ይችል፤ ባንኩም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ እምቢ ካለ ምክንያቱን ይግለጽ።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ፣ ተቀባይነት ሲያገኝም እስከ 90 ቀን ድረስ የቅጣት ወለድ፣ የማስጠንቀቂያና መሰል ክፍያዎች አይታሰቡ። መደበኛው ወለድ ይቀጥል፤ እርሱን ለመክፈል ዝግጁ ነን።

ሦስተኛ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተበዳሪው የሚያስገባው ገንዘብ በመጀመሪያ ለወለድና ለዋናው ብድር ይዋል። ከሒሳቡ ሲቆረጥም ለሠራተኛ ደመወዝና ለቤተሰብ ቀለብ የሚበቃ መጠን ይተውለት።

አራተኛ፣ ለተበላሸ ብድር የሚታሰበው የወለድና የቅጣት ድምር ጣሪያ ይበጅለት።

አምስተኛ፣ ባንኩ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ከመላኩ በፊት የተበዳሪውን ማመልከቻ አይቶ መመለሱን በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ስድስተኛ፣ እውነተኛ ችግር ያለበትን ብድር በዚህ ሥርዓት ያስተካከለ ባንክ በብድር ምደባና በመጠባበቂያ ረገድ እንዳይቀጣ ደንቡ ይሻሻል። ያለዚህ አንቀጽ የቀሩት አምስቱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

«ልማደኛ ተበዳሪ ይጠቀምበታል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ችግሩን የማስረዳት ሸክም በተበዳሪው ላይ ይሁን። የሒሳብ እንቅስቃሴውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የሕክምና ማስረጃውን ወይም የወረዳውን ደብዳቤ ያቅርብ። ባለሙያ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይመልከት። በሐሰት ያመለከተ ዕድሉን ይጣ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሊያጭበረብር ያሰበ ሰው ከባንክ ይሸሻል እንጂ ውዝፍ ሳይኖርበት ወደ ቅርንጫፍ ሄዶ የገቢውን መዝገብ አይዘረጋም። በር አንኳክቶ የሚመጣው ሊከፍል የሚፈልገው ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲሶቹን የብሔራዊ ባንክና የባንክ ሥራ አዋጆች አጽድቋል፤ ለውጭ ባንኮችም በሩ ተከፍቷል። ነገ ከሌላ አገር የሚመጣው ባንክ ለኢትዮጵያዊው ተበዳሪ የሚያሳየው ርኅራኄ በሕጋችን ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡን አሁን መጻፍ ይሻላል።

የምጠይቀው መመሪያ የመንግሥትን ካዝና አያራቁትም፤ የቆጣቢውንም ገንዘብ አይነካም። በሐራጅ በርካሽ የሚሸጥ ቤትና የሚዘጋ ሱቅ ለባንኩም፣ ለቆጣቢውም፣ ሥራ ለሚያጡት ሠራተኞችም ኪሳራ ነው። ባንክዎ የመመሪያውን ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ ከባንኮችም ከተበዳሪዎችም ጋር በይፋ እንዲወያይበትና ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የባንክ ተበዳሪ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ባንኮች ማኅበር