ከ3 ወደ 10 በስንት እርምጃ?

ቁጥር 3 ተሰጥቷል። የሚፈቀዱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ በ2 ማባዛት ወይም 1 መቀነስ። 10 ላይ ለመድረስ ትንሹ እርምጃ ስንት ነው?

ብዙ ሰው 10ን እስኪያልፍ ያባዛል። 6፣ 12፣ ከዚያ 11፣ 10። አራት እርምጃ። ግን በሦስትም ይቻላል፤ 6፣ 5፣ 10። ከማባዛት በፊት የተቀነሰች አንድ፣ ከተባዛ በኋላ ሁለት ሆና ትቆጠራለች።

ከ3 ወደ 1000 ሲሆንስ? መልሱ 12 ነው፤ በግምት ግን አይገኝም። እዚህ ጋ ነው ፕሮግራም የሚያስፈልገው። ፕሮግራሙ ከ3 በአንድ እርምጃ የሚደረስባቸውን ይመዘግባል፤ 6 እና 2። ከእነሱ ደግሞ 12፣ 5፣ 4 እና 1 ይወጣሉ። እንዲህ በየዙሩ ይቀጥላል፤ የታየ ቁጥር ዳግም አይመዘገብም። የሚፈለገው ቁጥር መጀመሪያ ብቅ ያለበት ዙር መልሱ ነው፤ ያጠረ መንገድ ቢኖር ኖሮ ቀደም ባለው ዙር በተገኘ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሙር ይህን ዘዴ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከውስብስብ መተላለፊያ በአጭር መንገድ ለመውጣት ነው። በፓይተን ከ20 መስመር አያልፍም። የታየን ቁጥር መዝለል የረሳ ሰው ግን 20ኛው ዙር ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁጥር ተሸክሞ ይገኛል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ሥልጠና በይፋ ተጀምሯል። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ ለጨረሰ ሰርተፍኬት አለ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ሰርተፍኬት ወሰደ ሲባል ይሰማል። ቪዲዮ አይቶ ምርጫ ጥያቄ መመለስና ባዶ ገጽ ላይ ይህን እንቆቅልሽ መፍታት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቀጣሪ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

«ዛሬ ቻትጂፒቲ በሰከንድ ይጽፈው የለ?» የሚል አይጠፋም። ይጽፈዋል። ግን «አራት» ብሎ ቢመልስ ማን ያርመዋል? አራትም እኮ 10 ላይ ያደርሳል፤ ስህተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም። ይኸው ስሌት ዕቃ የሚያደርስ መኪና በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ሲወስን፣ የተረፈችው አንዲት እርምጃ ነዳጅ ናት።

ለዚህ ኮምፒውተር እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ መብራት በጠፋበት ክፍል በእርሳስ ይሠራል። ከ10 ወደ ኋላ መነሳት ነው፤ ተጋማሽ ከሆነ ማጋመስ፣ ካልሆነ 1 መጨመር። 5፣ 6፣ 3። (በማጋመስና በማጠፍ የሚሠራ አንድ የማባዣ ዘዴ በውጭ ፕሮግራመሮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይባላል።)

ስለዚህ ሰርተፍኬት ከመሰጠቱ በፊት እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ በወረቀት ይቅረብ። ከተመዘገበው ቁጥር ጎን ደግሞ ስንቱ እንደፈታው ይነገር።