ዲፈረንሲያል ውኃ ሲጠጣ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከምንጩ የሚጠጣ፣ በፍል ውኃው የሚታጠብ ሁሉ ያመሰግናታል። በክረምት ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ ጀልዱ ወይም ወደ ግንደ በረት ገጠር ለሥራ የሚወርድ ወጣት ባለሥልጣን ግን ስለ ሌላ ዓይነት ውኃ ማሰብ ይገባዋል፤ ይኸውም ከመኪናው ሆድ ስለሚገባው ውኃ ነው።

የጉደርን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ችግር አያውቀውም። በበጋ ቁርጭምጭሚት የማያርሰው ጅረት በሐምሌ ከመኪና በር ሲደርስ የሚያየው የገጠር ሠራተኛ ነው። ሾፌሩ ቆም ብሎ ውኃውን ይመለከታል። ከጎኑ የተቀመጠው ባለሥልጣን ስብሰባ ስላለበት ሰዓቱን ያያል፤ «ጋሼ፣ ላንድክሩዘር አይደለም እንዴ? ይግቡበት እንጂ!» ይላል። ይገባል፤ ይሻገራል፤ ሁሉም ይስቃል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፈረንሲያልና ካምቢዮ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፈጽመው የታሸጉ ሣጥኖች አይደሉም። ጥርሶቹ እየተፋተጉ ዘይቱን ሲያግሉት በውስጡ ያለው አየር ስለሚያብጥ፣ ግፊቱ ፓራኦሊዮውን እንዳያበላሽ ትንሽ መተንፈሻ ተበጅቶላቸዋል። ታዲያ ይህ ግሎ የመጣ ብረት በድንገት ከቀዝቃዛ ወንዝ ሲነከር ምን ይሆናል? በፊዚክስ ክፍል የጋዝን ሕግ የተማረ ተማሪ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው፤ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ አየር ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ መጠኑ በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብረቱ አብሮ ሊኮማተር አይችልምና የጎደለውን ከውጭ ይስባል፤ ውጭ ያለው ደግሞ ውኃ ነው። መተንፈሻው በጭቃ ቢደፈን እንኳ በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ይስባል፤ የፓራኦሊዮ ዋና ሥራው ዘይት እንዳይወጣ መከልከል ነውና።

የገባው ውኃ ከዘይቱ ጋር ተንጦ እንደ ወተት ይነጣል። ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ጥርሱ ይበላል። መኪናው ግን ወዲያው አይቆምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሳምንታት አልፈው ድምፅ ማሰማት ሲጀምር፣ «ግባ» ያለው ባለሥልጣን ወንዙን ረስቶታል፤ «መኪና አያያዝ የማያውቅ» የሚባለው ሾፌሩ ይሆናል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከኮፈኑ ጎን ወደ ላይ የቆመውን የአየር መሳቢያ ቱቦ ያዩ እንደሆነ መኪናው ጀልባ የሆነ ይመስላቸዋል። ያ ቱቦ የሚጠብቀው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ከታች ላሉት ለካምቢዮና ለዲፈረንሲያል የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ልክ አበጅተዋል፤ የአሮጌው ዲፌንደር 50 ሴንቲሜትር፣ የአዲሱ እስከ 90 ሴንቲሜትር ነው፤ ያውም በረጋ ውኃ። በሚጋልብ ጎርፍ 60 ሴንቲሜትር መኪናን ሊወስድ ይችላል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ መመለስ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የመተንፈሻዎቹን ትንንሽ ቆብ አንሥቶ በምትካቸው የጎማ ቱቦ መሰካት፣ የቱቦውንም ጫፍ እስከ ኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ዲፈረንሲያሉ የሚስበው አየር ይሆናል። ከመግባት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ብረቱን ማብረድም ይጠቅማል፤ ስብሰባው ይቆይ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆሙ፣ በውኃው መካከል ፍሪሲዮን ሳይረግጡ መሻገር። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ለፍሪሲዮኑ ቤት ቀዳዳ፣ ወንዝ ሲገባ የምትጠብቅ ሲወጣ የምትፈታ አንዲት ቡሎን ነበረቻቸው፤ ዛሬም እነዚህን መኪናዎች የያዘ ቢሮ ቡሎኗ የት እንደ ወደቀች ይፈልግ። ከተሻገሩ በኋላ መኪናው አድሮ ሲረጋ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ ጠዋት የዲፈረንሲያሉን መድፈኛ ጥቂት ላላ ቢያደርጉት መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሆናል። ዘይቱ ነጥቶ ከተገኘ ያለ ክርክር መለወጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለብረት አዝኜ አይደለም። ለየወረዳው ከተሰጡት አምቡላንሶች ብዙዎቹ ላንድክሩዘር ናቸው። በሐምሌ ውኃ የጠጣ ዲፈረንሲያል በነሐሴ ቢሰበር፣ ምጥ የያዛት እናት በሰው ትከሻ ቃሬዛ ላይ ጭቃውን ትሻገራለች። መለዋወጫው እስኪመጣም ልጁ አይጠብቅም።

በጉዞ መዝገብ ላይ ኪሎሜትርና ነዳጅ ይጻፋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ዓምድ እንዲጨመርበት ነው፤ የተሻገሩት ወንዝ፣ የውኃው ልክ፣ ከዚያ ወዲህ ዘይቱ የታየበት ቀን፣ እንዲሁም «ግባ» ያለው ሰው ስምና ፊርማ የሚሞላበት።