ክኒኑ በማን ላይ ተሞከረ?



ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል ክኒን በዘመቻ መታደል መጀመሩ ይታወቃል። እኛ በምናስተምርበት በማክሰኝት ግን ክኒኑ በሚታደልበት ዕለት ከቤት የሚቀሩ ልጆች አይታጡም። ልጃቸውን ያስቀሩ አንዲት እናት ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ኡስታዝ፣ ለመሆኑ በማን ላይ ተሞክሮ ነው ለኔ ልጅ የሚሰጠው?» አሉን።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከሚታደሉት አንዱ የሆነው አልቤንዳዞል ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የበግና የከብት ትል መድኃኒት ነበር። እንዴት እንደሚገድል ጠንቅቀው ለማወቅ ግን ተመራማሪዎች ከአፈር ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትል ረዳቻቸው። ሲ ኤለጋንስ ትባላለች። ብትረዝም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ማንንም አታሳምም። ሲድኒ ብሬነር የተባሉ ሳይንቲስት በ1974 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዘር ውርሷ ከጻፉ ወዲህ በየቤተ ሙከራው ተፈላጊ ሆናለች። ወስፋትን ከሰው ሆድ ውጭ ማርባት ጭንቅ ነው፤ እሷ ግን በሳህን ላይ ባክቴሪያ እየበላች ከእንቁላል ተነሥታ በ3 ቀን ገደማ ራሷ እንቁላል ትጥላለች። ወስፋትና የመንጠቆ ትል የሩቅ ዘመዶቿ ስለሆኑ፣ መድኃኒት ጨምረውባት መሳቧን፣ መራባቷን፣ መሞቷን በማየት ፍንጭ ያገኛሉ። አልቤንዳዞልና መሰሎቹ የሕዋስ ምሰሶ የሆነውን ፕሮቲን እንደሚያፈርሱ፣ ያ ፕሮቲን የተለወጠባት ትል ደግሞ መድኃኒቱን ተቋቁማ እንደምትኖር በእሷ ላይ ታይቷል። ዛሬ በግ አርቢዎችን ያስቸገረው መድኃኒት የለመደ ትልም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ይሁንና ትሏ ለሁሉ መልስ የላትም። የኮሶ ትልና የቢልሃርዝያ ትል የጠፍጣፋ ትሎች ወገን ናቸው፤ እነሱን የሚፈጀው ፕራዚኳንቴል እሷን እምብዛም አይነካትም። ደግሞም ትል ገደለ ማለት ለልጅ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከእሷ በኋላ እንስሳት፣ ከዚያም በፈቃዳቸው የሚሞከርባቸው ሰዎች አሉ፤ የሰው መጠን የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

እናቶቻችን የሚያጠጡን ኮሶም ትሉን እንደሚጥል አንክድም። ግን የሚለካው በእፍኝ ነው፤ ከመጠን በላይ ተጠጥቶ ዓይን መጉዳቱን ሐኪሞች ጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ለእኚያ እናት አስረዳናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙንና «ታዲያ ክኒኑን ከማደላችሁ በፊት ይህን ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ። እኛም ሐፍረት ያዘን።