ጤና የሚገኝበት ርካሽ ማዕድ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በታሪክ ስሟ የተጠራው በማዕድ አይደለም፤ በመድፍ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፓ ባለ እጆችን በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዳሠሩ፣ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ በብዙ ሕዝብ ጕልበት እየተጐተተ መቅደላ እንደ ደረሰ የታወቀ ነው። ለመድፍ የሚሆነው ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ በልክ ተዋሕደው የሚገኝ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ያን ያህል ብርታት የለውም። የሰውም ማዕድ እንዲሁ ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ጤናውን የሚያጣው ርካሽ ምግብ ስለ በላ ሳይሆን፣ አንዱን ብቻ እየደጋገመ ስለ በላ መሆኑን ዛሬ ለማመልከት እንወዳለን።

በ2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 41 ያህሉ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ይህም አገሩ እህል ስለማያበቅል አይደለም። የደቡብ ጎንደር ደጋ ገብስና ድንች፣ ባቄላና አተር ያበቅላል፤ የፎገራ ሜዳም ሩዝና ሽንኵርት ይሰጣል። ስለዚህ መመርመር የሚገባው የምርቱ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ከምርቱ የትኛው ለገበያ የትኛው ለልጆች ገበታ እንደሚለይ ነው።

የእህል ፕሮቲን የሚጐድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ጥራጥሬም የሚጐድለውን እህል ይሞላለታል። ስለዚህ ሥጋ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው እንጀራውን በሽሮ፣ የገብስ ቂጣውን በምስር ቢበላ ሰውነቱን የሚገነባ ምግብ አገኘ ማለት ነው። እናቶቻችን ገብሱን ከሽምብራ ጋር ቆልተው ማቅረባቸው ከጥበብ የራቀ አልነበረም። ለሕፃን ገንፎም ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቀላቅሎ ቢፈጭ መልካም ነው። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ የንጉሡን ማዕድ ትተው በጥራጥሬና በውሃ ፊታቸው አምሮ እንደ ተገኘ ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉና፣ ጥራጥሬን የድህነት ምልክት አድርጎ መናቅ የማይገባ መሆኑን ለሕዝቡ ቢያስረዱ ቃላቸው ይሰማል።

ከዚህም በቀር በጓሮ የሚበቅል ጎመን ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው፤ ይኸውም እጅግ ሳይበስልና የተቀቀለበት ውሃ ሳይደፋ ሲቀር ነው። ሎሚ ወይም ቃሪያ ቢጨመርበት በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ለደም እንዲደርስ ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ያንኑ ይከለክላሉና ጥቂት ቢዘገዩ ይሻላል። በደጋ አገር እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለበትን ጨው መምረጥ፣ ዕቃውን መክደንና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ያሻል። ዕንቍላሉን ሸጦ በዋጋው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ለልጁ ገዝቶ የሚመለስ አባት ግን፣ ልጁን ያስደሰተ ቢመስለውም በገበያው ተጐድቷል።

ርካሽ ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ ለዚህም ምስክሩ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም የረጋ ውሃንም ችሎ ሌላው እህል ሲጠፋ ስለሚበቅል፣ ሰው አብዝቶ የሚበላው በችግር ዘመን ነው። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ጅማት ያደክማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም ለሥራ የደረሰውን ጐልማሳ ነው፤ ከያዘም በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሐኪሞች በደንቢያና በፎገራ ይህን በሽታ መርምረዋል፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማም በወሎ ደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው ሽባ አድርጓል። በዚያ በተደረገው ምርመራ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን መብላት ይበልጥ እንደሚያሰጋ፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ግን ጕዳቱን እንደሚቀንስ ታውቋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ያሳንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ በጓያ ብቻ መኖር ከቶ አይገባም።

አሁን ለካህናት አንድ ነገር በአክብሮት እናሳስባለን። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትንና በሽተኞችን በጾም አታስገድድም። ሆኖም በብዙ ቤት እናት የቤቱን ዕቃ እንዳታስገድፍ በመፍራት፣ በጾም ወራት ለሁለት ዓመት ልጇ ወተትና ዕንቍላል ሳታዘጋጅ ትቀራለች። ሕፃኑ በሕግ ሳይታዘዝ በዕቃ እጥረት ይጾማል ማለት ነው። የንስሐ አባት ለሕፃኑ አንዲት ድስትና አንድ ማንኪያ ለይታ እንድታኖር ቢነግራት ጾሙም ይከበራል፣ ልጁም ያድጋል። እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ምክር ስትጠይቅ ሸክሟን የሚያቃልል ቃል ብትሰማ መልካም ነው።

ሹማምንትም ምክር ብቻውን ማዕድ እንደማይሆን ሊያስቡ ይገባል። ጎተራው ባዶ ለሆነ ሰው እህል ከጥራጥሬ ጋር ቀላቅለህ ብላ ማለት ስድብ ይሆንበታል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የዕድገት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ ጊዜውም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በክረምት፣ ዱሮው አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ለችግረኛ የሚሰጠው እርዳታ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ጥራጥሬም እንዲኖርበት፣ ጓያ በሚበዛበት ዓመት ማስጠንቀቂያው በየገበያው አስቀድሞ እንዲነገር፣ የጎመንና የባቄላ ዘርም ለድኃው በወቅቱ እንዲደርስ መትጋት የሹም ሥራ ነው።

የጋፋትን መድፍ ለመጐተት የብዙ ሰው ጕልበት አስፈልጎ ነበር። ይህን ለመፈጸም ግን በየደብሩ የአንድ ካህን ቃል፣ በየቀበሌው የአንድ ሹም ትጋት ቢገኝ፣ የብዙ ቤት ገበታ ያለ ብዙ ወጪ ሊሻሻል ይቻላል።