ካርድ ላይ ያልሰፈረ ውለታ

ባለፈው ሚያዝያ 27 የልጅ ልጄን ይዤ ከቡራዩ አራት ኪሎ ወርጄ ነበር። ደረታቸው በሜዳሊያ የተሞላ አባቶች ሲያልፉ አይቶ፣ «እማማ፣ የእኛ ቤት ሜዳሊያ የት አለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሰበታ ሰው ነበሩ። በጠላት ዘመን ገና ልጃገረድ ሳሉ ገበያ የሚሄዱ መስለው፣ ከጤፍ ሥር ጥይትና የቁስል ጨርቅ ደብቀው ወደ ወጨጫ ተራራ ለአርበኞች ያደርሱ ነበር። ከድል በኋላ ሜዳሊያ ሊጠይቁ ሲሄዱ «ምስክር አምጪ» ተባሉ። ዕቃውን ይቀበሏቸው የነበሩት ሰው ግን ነጻነትን ሳያዩ ወድቀዋል። ሌላ ማን ያውቃል? ሥራው ምስጢር ነው፤ የሚያውቅ ቢበዛ ኖሮ እሳቸውም ባልተረፉ።

እንዲህ ያሉትን «የውስጥ አርበኞች» እንላቸዋለን። እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው የታወቀው ጥቂቶች ናቸው። እሳቸው አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው እስከ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስረዋል፤ ሲመለሱም ጠመንጃ አንስተዋል። የቀሩትስ?

ሱሉልታ ስሠራ ቁስላቸውን የማጥብላቸው አንድ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ሥር ደብቀውት ኖረዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች 6,037 ነበሩ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። መንግሥት ሲለወጥ ክብራቸው ቢደበዝዝም ስማቸው መዝገብ ላይ ነበር። ስለዚህ ደቡብ ኮሪያ ዛሬም ታስታውሳቸዋለች፣ ልጆቻቸውንም ትረዳለች። የአማቴ ስም የትም አልተጻፈም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በእንግሊዝ አገርም ከአምስት ዓመት በላይ ያለፈ አገልግሎት አዲስ ሜዳሊያ አይታይለትም የሚል ደንብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበረዶው ባሕር ለሶቪየት ኅብረት ስንቅና መሣሪያ ያደረሱ መርከበኞች የራሳቸውን ሜዳሊያ ያገኙት፣ ደንቡ እንደገና ከተመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በሕይወት የቀሩት ሁሉ አርጅተው ነበር። ቢሆንም የዘገየው ክብር ደረሰ።

ደንብ ይላላ አልልም። ያልሠራ ሰው ደረት ላይ የተንጠለጠለ ሜዳሊያ የሠራውን ያሳዝናል። ነገር ግን ምስክሩ ሞቷል፣ ጊዜው አልፏል፣ ጠመንጃ አልያዘችም ብሎ በር መዝጋት ፍርድ አይደለም። ስንቅ ያቀበለች፣ ቁስለኛ ያስታመመች፣ ወሬ ያደረሰች ሴትም ዘምታለች። የቤተሰብ ቃል ተመዝግቦ፣ ከሌላ ቤት ቃል ጋር ተመሳክሮ የሚታይበት መንገድ ይኑር። ለሞቱትም ቢሆን የምስክር ወረቀት ይሰጥ።

በሙያዬ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ክትባቱ ቢሰጥም ካርዱ ላይ ካልሰፈረ፣ ቀጣዩዋ ነርስ እንዳልተሰጠ ትቆጥረዋለች። ውለታም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ አያቶች፣ በቤታችሁ ያረጀ ሰው ካለ ዛሬ ጠይቁት። የት ነበርክ? ከማን ጋር? በስንት ዓመተ ምሕረት? ማን ያውቃል? ጽፋችሁ ቀን አድርጉበት፤ ፎቶ ካለ ከጀርባው ስም ጻፉ። በስልክም ድምፃቸውን ቅረጹ።

እኛ ጀምረናል። ልጁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቅድመ አያቱን ስም ጻፈና «ሰበታ፣ ወጨጫ፣ ጤፍ» ብሎ አሰመረበት። ቀሪውን ባለቤቴ እየነገረው ነው።