«አገር ስጠኝ» እና የድርሰት ደብተር

በውጭው ዓለም በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ቀን ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ለመሰብሰብ በየደጁ ሲዞሩ ያመሻሉ፤ መምህራንም ያንን የማስፈራራት ጨዋታ የድርሰት መለማመጃ ያደርጉታል። ለእኛ ልጆች ግን ጭምብል መግዛት አያሻም፤ እንቆቅልሽ አለን።

ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት በበየዳ ደጋ ብርዱ ቤተሰቡን በጊዜ ምድጃ ዳር ይሰበስባል። መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ደባርቅን ወይም ጎንደርን ይሰጣል። አሸናፊውም ከተማውን በዓይኑ ባያየው እንኳ፣ ገብቶ የበላውንና የጠጣውን እያዥጎደጎደ ተሸናፊውን ይዘልፈዋል። ታዲያ ይህ ድርሰት አይደለምን? ቦታ አለው፣ ባለታሪክ አለው፣ ሳቅም አለው።

ይኸው አንደበተ ርቱዕ ልጅ ግን ደብተር ሲሰጠው ሰሌዳ ላይ ያለውን ከመገልበጥ አያልፍም። ብዙ ወላጅ ገና በመጀመሪያው መስመር የፊደል ግድፈት ይለቅምበታልና እጁ ይታሰራል።

የከተማ እናቶች ሆይ፣ ከሥራ ደክማችሁ ብትገቡም ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ልጃችሁ ይጠይቃችሁ፤ መልሱን ብታውቁትም ተሸነፉለትና በየዳን ስጡት። ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ገብሱ ማሳ፣ ስለ ጭላዳው መንጋ ጥቂት ንገሩትና የቀረውን ለእርሱ ተዉለት። በመጀመሪያ በቃሉ ያውራ፣ ከዚያ ያወራውን ይጻፍ። ዘለፋው ለከት ይኑረው እንጂ (አያት ፊት በተለይ!) ጅብ ቢያስገባበት አታስወጡበት። ፊደሉ በማግስቱ ይታረማል፤ ያውም ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ካነበበው በኋላ።