ከመድረኩ በፊት ጀልባ ሠሪው

ውድድሩ ሲጀመር ጀልባዋ ከባድ ናት። 28 ጫማ የምትረዝም፣ ከላይ ክዳን የሌላት የእንጨት ጀልባ ስትሆን ሆዷ በአሸዋ ከረጢት፣ በብረትና በእርሳስ ተሞልቷል። ያ ክብደት ባይኖር ሽቅብ የተዘረጋው ግዙፍ ሸራ አንድ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ይገለብጣት ነበር። ነፋሱ ሲላላ ግን ያው ክብደት ዕዳ ይሆንባታል። ያኔ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕር ይወረወራሉ። ያም አልበቃ ሲል ከመርከበኞቹ አንዱ ራሱ ዘሎ ይወርዳል። ጓደኞቹ እንዲቀድሙለት ሲል እሱ ከውድድሩ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው በምሥራቅ ካሪቢያን በምትገኘው በአንጉዊላ ነው። ደሴቲቱ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ዛሬም በእንግሊዝ ሥር ያለች ትንሽ ምድር ናት። ብሔራዊ ስፖርቷ ክሪኬት አይደለም፣ እግር ኳስም አይደለም፤ የሸራ ጀልባ ውድድር ነው። በኦገስት መጀመሪያ ሰኞ ሳንዲ ግራውንድ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሕዝቡ ነቅሎ ይወጣል። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ወደ ሚድስ ቤይ ይጎርፋል። የኛ አገር የአትሌቲክስ ወዳጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ100 ሜትር ነሐስ ያገኘውን ዛርኔል ሂውዝን ያስታውሰዋል። ልጁ የአንጉዊላ ተወላጅ ነው፤ ነገር ግን ደሴቲቱ እውቅና ያለው የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስለሌላት የሚሮጠው ለእንግሊዝ ነው። ባንዲራዋ ኦሊምፒክ ላይ ለማይውለበለብላት አገር እነዚያ ጀልባዎች ምን ማለት እንደሆኑ መገመት አያዳግትም።

የጉዞ ወኪሎች ይህን ሁሉ ከፀሐይና ከነጭ አሸዋ ጋር አሽገው ይሸጡታል። እኔን የሚቆጨኝ በሽያጩ ውስጥ የሚጠፋው ነገር ነው። የኦገስት መጀመሪያ ዝም ብሎ የተመረጠ ቀን አይደለም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው ሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው። በአብዛኞቹ ደሴቶች ግን ሕጉ ‹‹የሥራ ልምምድ›› በሚል ስም በባርነት የነበሩትን ሰዎች ለቀድሞ ጌቶቻቸው ለተጨማሪ አራት ዓመት አስሮ አቆያቸው፤ ሙሉ ነፃነት የመጣው በ1838 ነው። የውድድሩም ሥር ከመዝናኛ አይጀምርም። የአንጉዊላ አፈር ደረቅና ስስ ስለሆነ ወንዶቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በየዓመቱ በሸራ መርከብ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ እየሄዱ የሸንኮራ አገዳ ይቆርጡ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቤተሰቡን ለማየት የቸኮለው መርከበኛ ሁሉ እርስ በርሱ እየተሽቀዳደመ ይመለሳል። ውድድሩ የተወለደው ከዚያ የናፍቆት ሩጫ ነው።

በየደሴቱ የበጋ ፌስቲቫል ሲታቀድ ስለ መድረክ፣ ስለ ድምፅ ማጉያና ከውጭ ስለሚጋበዝ ዘፋኝ ብዙ ይወራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከበጀቱ የመጀመሪያው ገንዘብ ለጀልባ ሠሪው ይድረስ። እጁ የሰነፈ ቀን ውድድሩ ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በግሬናዳ ሥር ባለችው በካሪያኩ ደሴት የኦገስቱ የጀልባ ውድድር በ1965 ሲጀመር ዓላማው እየጠፋ የነበረውን የጀልባ ሥራ ማነቃቃት ነበር። ዊንድዋርድ በተባለው መንደር ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ጀልባዋም የምትሠራው እዚያው ባሕሩ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አልዊን ኢኖ የተባሉት የመንደሩ አዛውንት ጀልባ ሠሪ ከልጆቻቸው ጋር ኤክሶደስ የተባለችውን ጀልባ ሲሠሩ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በ2015 ወጥቷል። አዲስ ጀልባ ስትጠናቀቅ መንደሩ በሙሉ ይሰበሰባል። በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፣ ይጸለያል፣ ከበሮ ይመታል። ከዚያ ጀልባዋን ደግፈው ያቆሟት እንጨቶች በመጥረቢያ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ፤ ቀስ እያለች በጎኗ ትጋደማለች። በመጨረሻ ወንዱም ሴቱም ገመድ ይዞ በግንድ ላይ እያንከባለለ ወደ ውኃው ይጎትታታል። ከየትኛውም መድረክ ይልቅ እኔ ይህን ሥርዓት አስበልጣለሁ።

‹‹ቱሪስት ባይኖር ኖሮ ከነዚህ በዓላት አንዳንዶቹ ሞተው ይቀሩ ነበር›› የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። የባርቤዶሱ ክሮፕ ኦቨር የአገዳ መከር ማብቂያ በዓል ነው፤ የመጨረሻው ጋሪ በአበባ አጊጦ ይገባ ነበር፤ ከአገዳ ገለባ የተሠራ፣ ሥራ የሚጠፋበትን የችግር ወራት የሚወክል ‹‹ሚስተር ሃርዲንግ›› የሚባል ምስል ይቃጠል ነበር። በ1940ዎቹ ከስኳሩ ጋር አብሮ ደከመና ተረሳ። በ1974 ዳግም ሲነሳ የቱሪዝም እጅ ነበረበት። ዛሬ የመዝጊያው ሰልፍ፣ ግራንድ ካዱመንት፣ ዓለም የሚያውቀው ትርኢት ሆኗል። ሆኖም ብዙ አገዳ የቆረጡትን ወንድና ሴት ሠራተኞች ንጉሥና ንግሥት አድርጎ የመሸለም ወጉም ከበዓሉ ጋር አብሮ ተመልሷል። በዓሉን በዓል የሚያደርገው እኔ እንደሚገባኝ ይህ ነው። እንግዳው ይምጣ፣ ገንዘቡንም ያውጣ፤ ዘውዱ ግን የአገዳ ቆራጩ ይሁን።

ለካሪያኩ ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሃሪኬን ቤሪል በጁላይ 1 ቀን 2024፣ ውድድሩ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ደሴቲቱ ላይ አረፈባት። ከቤቶቹ አብዛኞቹ ተጎዱ ወይም ፈረሱ፤ ከማዕበል ለመሸሽ ቲረል ቤይ የማንግሮቭ ጫካ ውስጥ የተጠለሉ ጀልባዎች ሳይቀሩ ተሰባብረዋል። የካሪያኩና የጎረቤቷ የፔቲት ማርቲኒክ የእንጨት ጀልባ ሥራ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ምዝገባው ክብር ነው፤ እንጨት ግን አይገዛም፣ ለተማሪ ልጅም ደሞዝ አይከፍልም። ከየውድድሩ የስፖንሰር ገንዘብ ላይ ቋሚ ድርሻ ተቆርጦ በየመንደሩ ሁለት ሦስት ወጣቶች ከአንጋፋ ጀልባ ሠሪ ሥር ተቀጥረው እንዲማሩ ቢደረግ ወጪው አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ከማስመጣት ይበልጣል ብዬ አላምንም። የስፖርት ጋዜጠኞችም የአሸናፊዋን ጀልባና የመሪዋን ስም ሲዘግቡ ከጎኑ የሠራትን ሰው ስም ይጻፉ።